የዳማ ግራ ጎን

ጉጉት የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ ወንድሟ አየር ላይ ነበር።

ፈረሱ ዳማ ትከሻውን ነክሶ አንጠልጥሎታል። እንደ እርጥብ ጨርቅ ወዲህና ወዲያ ካራገፈው በኋላ የጋጣው ግድግዳ ላይ ወረወረው። ቆርቆሮው ጓ! አለ። ወንድሟ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የሸሚዙ እጅጌ ፈረሱ አፍ ውስጥ ቀርቷል፤ ከትከሻው የሚወርደው ደም ክንዱን ተከትሎ ከጣቶቹ ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ልጓሙን ያዘው! ልጓሙን!» እያለ አባታቸው ከቤት ውስጥ ይጮኻል። በጀሶ የታሸገ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ በመስኮት አንገቱን ከማስገግ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም።

ወንድሟ ልጓሙን አልያዘም። ጥግ ላይ የቆመውን የፌሮ ብረት አነሳ። የመጀመሪያው ምት ፈረሱ አንገት ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ጎኑ ላይ። ድምፁ ፍራሽ ሲወቀጥ የሚወጣውን ይመስላል። ዳማ አሽካክቶ በኋላ እግሮቹ ቆመና የፊት ሰኮናዎቹን ወደ ታች ለቀቃቸው። ወንድሟ ተንከባሎ አመለጠ፤ የውሃው በርሜል ግን ተጨፈለቀ። ውሃው ደሙን እያጠበ እስከ ጉጉት ጫማ ድረስ መጣ።

«በቃ! ትገድለዋለህ!» ብላ ከኋላው ክንዱን ያዘች።

ሳያያት በእጁ ጀርባ መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ዞር ብሎ ማን እንደሆነች ሲያይ እጁ ወረደ፤ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። ፌሮውን ጥሎ፣ ከጋጣው ወጥቶ፣ በሩን በእርግጫ ዘጋው።

«አብዷል» አለ እያለከለከ። «ከአደጋው ጀምሮ ጭንቅላቱ ልክ አይደለም አልኳችሁ። አብዷል!»

ሰፈሩ ይህን ልጅ «ብረቱ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ትንሽ ሳለ ሲገረፍ እንባ የማይወጣው ስለነበረ ነው። እሷን ደግሞ «ጉጉት» የሚሏት ሳትናገር ዓይኗን አፍጥጣ ስለምታይ ነው። እናታቸው የሞተችው ጉጉት ገና ሳትናገር በመሆኑ ያሳደጓት አባቷና ወንድሟ ናቸው። በትንሽነቷ ፀጉሯን አጣሞ አጣሞ እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ያደርሳት የነበረው ይኸው ብረቱ ነው።

የቤቱ እንጀራ ዳማ ነበር። አባታቸው ጋሪ ነጂ ነው፤ ግንባታ ወዳለበት ሁሉ አሸዋና ሲሚንቶ ያመላልሳል። በዝናቡ ወራት ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ጋሪውን በቀኝ በኩል ገጨውና ተሽከርካሪው የአባታቸው እግር ላይ ወጣ። ዳማ ከጥቂት ጭረት በስተቀር ደህና ተረፈ። ብረቱ ትምህርቱን አቋርጦ የአባቱን ወንበር ያዘ። ከዚያ ወዲህ ነው ፈረሱ ሰው አላስቀርብ ያለው። አንድ የቀን ሠራተኛ ጣቶቹን ተሰብሯል፤ አንዲት ሴትዮ ከነጥላዋ ቦይ ውስጥ ተወርውራለች። አሁን ደግሞ ይኸው።

አባታቸው የብረቱን ትከሻ በአልኮል ጠራረገ። በኋላ፣ «አጥንት ገዢውን ጥራው» አለ።

አጥንት ገዢው ያረጁና የተሰበሩ ከብቶችን እየሰበሰበ ሥጋቸውን ለአውሬ ማቆያ፣ አጥንታቸውን ለሙጫ ፋብሪካ የሚያቀርብ ሰውዬ ነው። እሱ ከገባበት ግቢ ፈረስ ይዞ ይወጣል፤ ፈረሱ ግን አይመለስም።

«ገጠር ወርዷል አሉ» አለ ብረቱ። «ሲመለስ እነግረዋለሁ።»

ጉጉት የተሰነጠቀ ከንፈሯን እየላሰች በመስኮቱ ወደ ጋጣው አየች። ዳማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይንቀጠቀጣል። ያበደ አይመስልም። ምን እንደሚመስል ግን ቃል አጣችለት።

በማግሥቱ ስኳር ይዛ ሄደች።

«ዳማዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ አይዞህ…» አለች፤ ድምፅዋን እንደ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ አጣፍጣ። እጇን በበሩ ላይ አሻገረች። ዳማ ዞር አለና በኋላ እግሩ በሩን መታው። ጣውላው ፈነዳ። ስንጥሩ ቅንድቧን ቀደደው፤ ስኳሩ ከደሟ ጋር ጭቃ ላይ ተበተነ።

አባቷ ጨርቅ በቅንድቧ ላይ ጫን አድርጎ ይዞ፣ «ምን አልሽው?» አላት።

«አይዞህ አልኩት።»

«ልብሽስ ምን ይል ነበር?»

«ልቤማ… ይደልቅ ነበር።»

«አየሽ፤ እሱ የሰማው ልብሽን ነው። አፍሽ ‹አይዞህ› ሲል ልብሽ ‹አለቀልኝ› ካለ፣ ‹ይቺ ልጅ አንድ አውሬ አይታለች› ብሎ አብሮሽ ይደነብራል።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

አባቷ ጨርቁን ገልብጦ እንደገና ጫነው። «እኔ እንጃ ልጄ። እኔ ምንም ብዬው አላውቅም። አብሬው እቀመጥ ነበር፣ በቃ።»

እሷም ተቀመጠች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ የጠርሙስ ሣጥን ደፍታ፣ ከጋጣው በር እርግጫ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታው የቤት ሥራዋን ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ ዳማ ግድግዳውን ይደበድብ ነበር። አንድ ከሰዓት ዝም አለ። ሌላ ቀን ትንፋሹ ቀረብ ብሎ ተሰማት፤ ትንፋሽዋን ያዘች፤ ወዲያው ሸሸ። ትንፋሽዋን ስትለቅ ግን ተመለሰ። ለካ ትንፋሽ መያዝ ለፈረስ ጩኸት ነው። እሷም ቢሆን ትንፋሽዋን የምትይዘው አንድ ነገር ሲያስፈራት አይደል?

ከዚያ ቀስ በቀስ ይገባት ጀመር። በምን እንደገባት ብትጠየቅ ልታስረዳ አትችልም። ወደ ፊት የቀና ጆሮ፣ ወደ ጎን ያዘነበለ ጆሮ፣ ወደ ኋላ የተለጠፈ ጆሮ ሦስቱም የተለያየ ነገር ናቸው። ዝንብ ሳያርፍበት ቆዳው ከተርገበገበ ውስጡ አልረጋም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ባዶ አፉን ካላመጠ ግን አንድ ሐሳብ ከላዩ ወርዶለታል ማለት ነው። እሷ ትከሻዋን ስታላላ እሱ አንገቱን ያላላል። ቀጥ ብላ ዓይኑን ካየችው ይሸሻል፤ ሰኮናውን ካየች ይቀርባል።

በእሱ ጆሮ በኩል ግቢውን አዲስ አድርጋ ሰማችው። ከገለባው ሥር የምትሮጠውን አይጥ፣ ቆርቆሮው ላይ የምትረማመደውን ድመት፣ ከጎረቤት ዛፍ ወፎቹ በአንዴ ዝም ሲሉ። ዳማ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አቅንቶ ሲከፍተው እሷም ከፈተች፤ የራቀ እርጥብ አፈር ሸተታት። ተነስታ የታጠበውን ልብስ ከገመዱ ሰበሰበች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

«ምነው? ገና እኮ አልደረቀም!» አለ አባቷ በመስኮት።

«ሊዘንብ ነው።»

ዘነበ። አባቷ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ። «ሜትዎሮሎጂ ሆነሽብን አረፍሽው!»

ትምህርት ቤት ደግሞ ዴስክ የምትጋራት ልጅ አፍንጫዋን ይዛ፣ «እኅቴ፣ ዛሬም ፈረስ ፈረስ ትሸቻለሽ፤ ሼም እኮ ነው!» ስትላት፣ «እሱም ከቤት ስወጣ ‹ሽቶ ሽቶ ትያለሽ› ይለኛል» ብላ መለሰችላት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ወዲያ «የፈረስ አስተርጓሚ» የሚል ስም ወጣላት።

ችግሩ ቀን ቀን የምትገነባውን ብረቱ የሚያፈርሰው መሆኑ ነው። ጠዋት ዳማን በአለንጋ እያስወጣ ይጠምደዋል፤ ሲመልሰው ጎኑ ላይ አዲስ ሰንበር አለ። አንድ ቀን ብረቱ ራሱ ጉንጩ አብጦ፣ አፍንጫው ሥር ደም ደርቆ መጣ። ዳማ ሲሚንቶ ስለደፋ የግንባታው ፎርማን ሠራተኛው ሁሉ እያየ በጥፊ አጥግቦታል።

«አልመለስክለትም?» አለችው ጉጉት።

«ልመልስና ነገ ማን ሥራ ይሰጠኛል?» አለ። ከዚያ ጋጣው ገብቶ በሩን ዘጋ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። እሷ ውጭ ቆማ የአለንጋውን ድምፅ ሰማች። ዳማ አላሽካካም። በሩን ከፍታ ስትገባ የመጨረሻውን ምት አየች፤ ብረቱም አያት፤ ከእሱና ከፈረሱ ማን የበለጠ እንደሚያለከልክ መለየት ያስቸግር ነበር። «ውጪ!» ብሎ ገፈተራት። ክርኗ ተላጠ።

ነገሩ የተገለጠላት ከዚህ በኋላ በአንድ ጸጥ ያለ ከሰዓት ነው። ብረቱ በእግሩ ወደ ሱቅ ወጥቷል። ዳማ አገጩን በሩ ላይ አሳርፎ ከኋላዋ ይተነፍሳል፤ እሷ ታሪክ ታጠናለች። ድንገት ትንፋሹ ቆመ። ዞር ስትል ሁለቱም ጆሮዎቹ ተለጥፈው፣ አንገቱ ደርቆ፣ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ጆሮዋን ጣለች። ከመንገድ፣ ከሩቅ፣ ቅጭል፣ ቅጭል የሚል ነገር ይመጣል። ድምፁ ደርሶ በሩ ሲከፈት ብረቱ ገባ። የሚቀጨለው የቀበቶው ዘለበት ነበር፤ ትልቅ፣ ከነሐስ የተሠራ፣ ማጠፊያው የላላ።

ብረቱ ቤት እንደገባ በዳማ ግራ በኩል ቀስ ብላ ቀረበች። እጇን ወደ ዓይኑ አጠጋች። ሽፋሽፍቱ አልተርገበገበም። አጠገቡ አደረሰችው፤ አሁንም ምንም። የዓይኑ ብሌን ውሃ ውስጥ ጠብ እንዳለ ወተት ደፍርሷል። ከዓይኑ ቆብ በላይ ጋማው የሸፈነው ጠባሳ አለ፤ የቆርቆሮ ጥግ የወጋው ይመስላል፤ ማዕዘን ሠርቷል። የቆርቆሮ ጥግ አይደለም። ያንን ማዕዘን አሁን ከብረቱ ወገብ ላይ አይታዋለች።

ፈረሱ አላበደም። በግራው ጨለማ ነው፤ በዚያ በኩል አንድ ጊዜ ብረት መጥቶ ዓይኑን ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ በግራ በኩል የሚመጣ ሁሉ፣ ጥላ ያላት ሴትዮም ትሁን፣ ያው ብረት ነው።

አልተናገረችም። ለአባቷ ልትነግረው ሁለት ሦስቴ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋች። ብረቱ ባይነዳ ቤቱ አያድርም። ደግሞም ወንድሟ ነው። የአባቷንም ቁጣ ታውቀዋለች፤ አሁን በጀሶ ታስሮ ነው እንጂ። ነገ፣ ነገ እያለች አሳደረችው። እሷ ስታሳድር አጥንት ገዢው ከገጠር ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ፤ ሁለት ፈርጣማ ረዳቶችና ጥቅል ገመድ ይዞ። ጉጉት ከጋጣው በር ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ በግራ በኩል አትምጡበት። በቀኝ ከሆነ እኔ ላወጣው እችላለሁ…»

«ሂጂ ወዲያ፣ ልጅት፣ ትረገጫለሽ» አላት አጥንት ገዢው፤ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። አንዱ ረዳት በብብቷ አንስቶ ወደ ጎን አስቀመጣት። ሌላው ገመዱን እያወዛወዘ በግራ በኩል ገባ።

ገመዱ የዳማን አንገት ሲነካ ጋጣው የፈነዳ መሰለ። ሰኮናው የረዳቱን ጉልበት አገኘው፤ ሰውየው እንደ ሕፃን ጮኸ። ዳማ በሩን በደረቱ ጥሶ፣ ገመዱን እየጎተተ ወጣ። ጋሪውን ገለበጠው። የግቢው በር ክፍት ነበር።

መንገዱ የቅዳሜ መንገድ ነው፤ ሰው በሰው ላይ። ዳማ መሃሉን ሰንጥቆ ሲያልፍ የቲማቲም መደብ ተዘረገፈ፤ አንድ ብስክሌት ከነጋላቢው ተጣለ። «ያበደ ፈረስ! ያበደ ፈረስ!» ጩኸቱ ከፊቱ ቀድሞ ሮጠ፤ ከየደጃፉ ዱላና ድንጋይ የያዘ ሰው ወጣ። የመጀመሪያው ድንጋይ አፍንጫውን መታው። ከዚያ ማቆሚያ አልነበረውም። ብረቱ ከሁሉ ፊት ይሮጣል፤ ጉጉት ከሁሉ ኋላ።

ዳማ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ታጠፈ። መውጫ የለውም፤ መጨረሻው የድንጋይ ግንብ ነው። ብረቱ ሊያስቆመው ብሎ በጎኑ ተሹለክልኮ አለፈና ግንቡና ፈረሱ መሃል ገባ። ዳማ ግንቡን ሲያይ ዞረ። ብረቱ በኋላ እግሮቹ በኩል ጥጉ ውስጥ ቀረ።

ጉጉት ሰው እየገፋች ስትደርስ ሕዝቡ የመተላለፊያውን አፍ ሞልቶ ድንጋይ ያዘንባል። አንድ ድንጋይ ዳማ ላይ ባረፈ ቁጥር ፈረሱ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ እርግጫው ብረቱ ያለበት ጥግ ላይ ያርፋል። አንዱ ክንዱን አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ከዚህ ይሰማል። ብረቱ ወድቆ በሌላው እጁ ራሱን ሸፈነ።

ሰዎቹ ይህን አያዩም። ብረቱን ለማዳን ነው የሚወረውሩት።

ሮጣ ከፊታቸው ቆመች፤ እጆቿን ዘርግታ። «አቁሙ! ድንጋዩን አቁሙ! በመታችሁት ቁጥር ወንድሜ ነው የሚረገጠው!» አንገቷ ሥር አንድ ነገር መታት፤ ወደቀች፤ ተነሳች። ሌላ ድንጋይ በጆሮዋ ስር ሽው አለ።

«እናንተ ሰዎች!» የሰፈሩ ባለሱቅ ሴትዮ ድምፅ ነው። «ልጅቱን ልትገድሏት ነው? ጣል! አንተ፣ ጣል ብዬሃለሁ!» የአንዱን እጅ ጠምዝዛ ድንጋዩን አስጣለችው። ሌሎቹም እጃቸውን አወረዱ።

ጉጉት ዞረች። ዳማ አረፋ በደፈቀ አፉ ይተነፍሳል፤ ግንባሩ ተተርትሯል፤ ሙሉ ፊቱ ደም ነው። ልቧ ይደልቃል። እንደማይደልቅ አድርጋ ልታስመስል አልሞከረችም። ትንፋሽዋን እስከ መጨረሻው ለቀቀች፤ እንደገና ለቀቀች። ትከሻዋን ጣለች። ዓይኗን ሰኮናው ላይ አድርጋ በቀኙ በኩል፣ ቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ፣ አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች። ቆዳው ተርገበገበ። ጠበቀች። ሌላ እርምጃ።

ስትደርስበት ክንዷን ነከሳት።

ሰዎቹ ጮኹ። ጥርሱ እስከ አጥንቷ የገባ መሰላት፤ ዓይኗ ጠቆረ። ክንዷን ብትስበው ሥጋዋ አብሮ እንደሚቀር፣ እሱም እንደሚደነብር ታውቃለች። አልሳበችም። እንባዋ እየወረደ ተነፈሰች። የያዛት ለመጉዳት አይደለም፤ ጎርፍ የወሰደው ሰው ሥር እንደሚይዝ ነው የያዛት። ይህን ማንም አልነገራትም።

መንጋጋው ትንሽ ላላ። በዚህ መሃል ብረቱ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። ቅጭል።

የዳማ የኋላ እግር ግንቡን መታው፤ ከብረቱ ራስ በላይ ድንጋዩ ተፈረከሰ።

«ዘለበቱን ያዝ» አለች ጉጉት፤ በለሆሳስ፣ ቀና ሳትል።

«ምን?»

«የቀበቶህን ዘለበት። ጨብጠው። እንዳይሰማው።»

ቀና ብላ ከዳማ አንገት በላይ ፊቱን አየችው። በዚያ ፊት ላይ ሕመም ነበር፣ ፍርሃት ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር መጣበት። ማወቋን አወቀ። ደህናው እጁ ወደ ወገቡ ሄደና ዘለበቱን ጨበጠ።

ቅጭልታው ሲቆም ዳማ ክንዷን ለቀቀ። አንገቱ ቀስ እያለ ወረደ፤ ባዶ አፉን አላመጠ። ጉጉት ደም የሚያንጠባጥብ እጇን ጋማው ውስጥ አስገብታ መራመድ ጀመረች። ሰዎቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው መንገድ ሰጡ። ከኋላ ብረቱ ዘለበቱን እንደጨበጠ፣ ግንቡን እየተደገፈ ተከተላቸው።

ግቢው ውስጥ ረዳቱ ያበጠ ጉልበቱን ይዞ ይቃትታል። አባታቸው በክራንች ደጃፉ ላይ ወጥቷል፤ የብረቱን ክንድ ሲያይ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ውሰደው» አለ አጥንት ገዢውን። «ልጄን ሊገድልብኝ ነበር። ውሰድልኝ።»

አጥንት ገዢው አዲስ ገመድ አነሳ። ብረቱ ጉጉትን አያት። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ግን ከዳማ ጋር ስትከርም ቃል የሌለውን መስማት ለምዳለች። ‹ዝም በይልኝ› ነው የሚለው። ይህን ያህል ለምኗት አያውቅም።

ክንዷ ይነድዳል። ገመዱ የዳማ አንገት ላይ ሊገባ ነው።

«አባዬ» አለች። «ግራ ዓይኑ አያይም። ተመትቶ ነው የጠፋው። ለዚህ ነው።»

«ማነው የመታው? መኪናው ነው?»

«መኪናው በቀኝ ነው የመጣው።»

አባቷ ክራንቹን እየወጋ ወደ ዳማ ሄደ። ጋማውን ገለጠ። ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ነካ፤ ጥጉን፣ ጎኑን። ጣቱ እዚያው ቀረ።

«እኔ ነኝ» አለ ብረቱ ከኋላ።

በደህና እጁ ቀበቶውን ፈታ፤ ከሱሪው ስቦ አወጣና አባቱ እግር ሥር ወረወረው። ዘለበቱ ድንጋዩ ላይ ጮኸ። ዳማ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጉጉት ያዘችው። አባትየው ቀበቶውን አየው። የራሱ ነው። እሱ ከቤት ሲውል ከጋሪው ወንበር ጋር ብረቱ የወረሰው፣ ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የነበረና ለምን ሥራ እንደሚወርድ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ቀበቶ።

«በዚህ? ዓይኑን? የማይናገር እንስሳ?» ድምፁ እየጨመረ መጣ። «አንተ…!» ክራንቹን አነሳ።

ብረቱ አልሮጠም። ግራ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰበሰበ፤ አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀበረ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንፋሹን ያዘ። ያ ሁሉ በአንድ ቅጽበት፣ ሳያስበው፣ እንደ ለመደ ሰው። የአንገቱ ቆዳ ይርገበገባል።

ጉጉት መሃላቸው ልትገባ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ግን አላስፈለገም። አባቷ ክራንቹን በአየር ላይ ይዞ ልጁን እያየ ነው። ዓይኑ ከልጁ ወደ ፈረሱ፣ ከፈረሱ ወደ ልጁ ሄደ። ክራንቹ ወረደ፤ አባቷም አብሮት ወረደ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ዓይንህን ክፈት» አለ በመጨረሻ። «አልመታህም። ክፈት፣ ልጄ።»

ብረቱ ከፈተ። ሲገረፍ ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

አጥንት ገዢው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ የሰው ቤት ነገር ውስጥ አልገባም። ፈረሱን…»

«ፈረስ የለም፣ ወንድሜ» አለ አባትየው ቀና ሳይል። «የሰውህን ጉልበት አሳክማለሁ። አንተ ሂድ።»

ሰኞ ጠዋት ጉጉት ደብተሯን አንግታ ስትወጣ ብረቱ ጋጣው ፊት ቆሞ አገኘችው። የተሰበረ ክንዱ በአንገቱ ታስሯል፤ በሌላው ሳር አቅፏል። ለብዙ ጊዜ የቆመ ይመስላል። ጋሪው በሰፈሩ ወጌሻ ልጅ እጅ ሊነዳ ነው ወይስ ሊሸጥ ነው፣ ቤቱ ገና አልወሰነም። ሁሉም ነገር ገና ነው።

«በየት በኩል ነው የሚገባው?» አላት።

«በቀኝ። ቀጥ ብለህ አትየው። ልብህ እስኪረጋ አትንቀሳቀስ።»

«ካልረጋስ?»

«እዚያው ትቆማለሃ።»

ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው። «አብረሽኝ ግቢ» አለ። «ለዛሬ ብቻ።»

የመጀመሪያው ፈተና ሒሳብ ነው፤ ደወሉ ሊደወል ነው። ግን ፈተናው አልነበረም ያስጨነቃት። ከበሩ ወዲያ ዳማ ጆሮዎቹን ለጥፎ ጥጉ ውስጥ ቆሟል። ብረቱ ላይ እምነት አላት? ያለ እሷ እዚህ በር ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለች? አታውቅም። ብትገባ ሁለቱም እሷን ያያሉ፤ እሷን እያዩ እርስ በርስ ሳይተያዩ ይውላሉ። ነገም እንዲሁ።

በፋሻ የተጠቀለለ ክንዷን ደረቷ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆመች።

«ፈተና አለብኝ» አለች።

የጋጣው በር ሲከፈት ሰማች። የግቢውን በር ከኋላዋ ዘጋችው። መንገድ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ፤ ጆሮዋን ጣለች። አንድ ሰኮና መሬቱን ፋቀ። ከዚያ ምንም። ዝምታው የቁጣ ይሁን የሌላ ነገር ከዚህ ሆና መለየት አልቻለችም። ትንፋሽዋን ለቀቀችና ወደ ትምህርት ቤት መራመድ ጀመረች።